ፍሪሲዮን ሲንሸራተት፦ ሸራ ከመግዛትህ በፊት

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሞተር ሳይክል ስትወጣ ደንገጎ ዳገት ላይ ነዳጅ ትሰጠዋለህ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ድሬ ከተማ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ስትዞር ይህን ላታየው ትችላለህ፣ መንገዱ ሜዳ ነዋ። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረር ደግሞ ከ1,800 ትበልጣለች። እዚያ ዳገት ላይ ከኋላ ሰው ወይም ጭነት ሲጨመርበት የደከመ ፍሪሲዮን ይታወቃል።

ብዙ ሰው ወዲያው ሸራ ሊገዛ ይሮጣል። አትቸኩል። ፍሪሲዮን (ክላች) ማለት የሞተሩን ጉልበት ወደ ማርሽ የሚያስተላልፈው ክፍል ነው፤ ሸራ (የሚይዝ ልባስ) ያላቸውና የሌላቸው ዲስኮች እየተፈራረቁ ተደርድረው በሞላ የተጨመቁበት። በግራ እጅህ ያለውን የፍሪሲዮን እጀታ ስትስብ ጭመቃው ይላላል፣ ስትለቀው ይመለሳል። የሚንሸራተተው ጭመቃው ሳይሞላ ሲቀር፣ ዘይቱ የማይሆነው ሲሆን፣ ወይም ሸራው ሲያልቅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ሞተር ሳይከፈት ይስተካከላሉ።

መጀመሪያ ችግሩ ፍሪሲዮን መሆኑን አረጋግጥ። ሰው በሌለበት ሜዳ መንገድ ላይ በ4ኛ ማርሽ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያህል እየሄድክ ነዳጁን በአንዴ ክፈተው። የሞተሩ ድምፅ ዘሎ ፍጥነቱ ካልተከተለው ይንሸራተታል። ድምፁም ፍጥነቱም አብረው ከደከሙ ግን ጣጣው ካርቡሬተር፣ ካንዴላ ወይም የአየር ማጣሪያ ጋ ነው። ቀጭ ቀጭ እያለ የሚዘል ከሆነ ደግሞ ካቴናውን (ሰንሰለቱን) እይ።

አሁን ወደ ካቦው፣ ማለትም ከእጀታው ወደ ፍሪሲዮኑ ወደሚሄደው የብረት ገመድ። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ እጀታውን በአንድ ጣት ቀስ ብለህ ሳበው። ክብደት እስኪሰማህ ድረስ ጫፉ ላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር በነጻ መሄድ አለበት። የአብዛኞቹ ትናንሽ ሞተሮች ልክ ይኸው ነው፣ የአንተን ከማኑዋሉ እይ። ምንም ነጻ ቦታ ከሌለው ካቦው ዲስኮቹን ሁልጊዜ በትንሹ እያላላ ነው፣ አዲስ ሸራ ብታስገባም ያቃጥለዋል። እጀታው ሥር ያለውን ዳዶ አላልተህ ማስተካከያውን አዙር። እዚያ ካለቀብህ ሞተሩ ጋ ያለውን ሁለተኛውን ተጠቀም። ከዚያ መሪውን እስከ ጥግ ግራና ቀኝ አዙረህ ደግመህ ለካ። ሲዞር የሚወጠር ከሆነ ካቦው የሚያልፍበት መንገድ ተሳስቷል። ደርቆ እየተያዘ የማይመለስ ካቦ ካለህ ዘይት አንጠባጥብበት፣ ክሩ መበጣጠስ ከጀመረ ግን ቀይረው።

ቀጥሎ ዘይት። እንደ ቦክሰር ባሉ ሞተር ሳይክሎች ላይ ፍሪሲዮኑ የሚነከረው በዚያው በሞተር ዘይት ውስጥ ነው። ነዳጅ ይቆጥባል የሚባል የመኪና ዘይት ግጭትን የሚቀንስ ነገር ስላለበት ሸራውን ያንሸራትተዋል። ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) ወይም ኤምኤ2 (MA2) የሚለውን የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ ፈልግ። ስትሞላም ከልኩ አታሳልፍ። አሮጌውን ጀሪካን ውስጥ አድርገህ ለሚሰበስብ ስጥ፣ እባክህ ደቻቱ ወንዝ ላይ አትድፋው።

ይህ ሁሉ ሆኖም ከተንሸራተተ መክፈት ነው። ዘይቱን አውጣ፣ ካቦውን ንቀል፣ በቀኝ በኩል ያለውን ክዳን ፍታ። ብሎኖቹ ርዝመታቸው አንድ አይደለም። ካርቶን ላይ የክዳኑን ቅርጽ ስለህ እያንዳንዱን በቦታው ሰካው። ረጅሙን አጭሩ ቦታ ከትተህ ስታጠብቅ የሚሰነጠቀው የሞተሩ አካል ነው። ክዳኑ እምቢ ካለ በጎማ መዶሻ ዙሪያውን መታ መታ አድርገው። በካቻቢቴ አትፈልቅቀው፣ የቧጨርከው ቦታ በኋላ ዘይት ያፈስሳል።

የሞላዎቹን ብሎኖች በመስቀለኛ፣ በየተራ ትንሽ ትንሽ እያልክ ፍታ። ዲስኮቹን ስታወጣ በወጡበት ቅደም ተከተል ደርድር፣ ስልክህን አውጥተህ ፎቶ አንሳ። ሸራው ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ወይም ውፍረቱ ማኑዋሉ ከሚፈቅደው በታች ከሆነ አልቋል። ሸራ የሌላቸውን የብረት ዲስኮች መስታወት ላይ አስተኛቸው። የሚንጋደድ ወይም በሙቀት ሰማያዊ የሆነ ካለ አብሮ ይቀየር። ሞላዎቹን ከአዲስ ጋር ጎን ለጎን አቁም፣ ካጠሩ ሁሉንም ባንድ ላይ ለውጥ። እኔ ሸራ ከተቀየረ ሞላም ይቀየር ባይ ነኝ፣ ዋጋው ከድካሙ አይበልጥም።

አዲሶቹን ሸራዎች ከመግጠምህ በፊት በንጹህ የሞተር ዘይት ቢያንስ ለጥቂት ሰዓታት ዘፍዝፍ። ደረቅ ሸራ ገና በመጀመሪያው ጉዞ ይቃጠላል። የሞላ ብሎኖቹን በአጭር ቁልፍ፣ በመስቀለኛ አጥብቅ። የሚገቡበት አሉሚኒየም ስለሆነ በጉልበት ከታገልከው ይቆረጣል። አሮጌውን ጓርኒሲዮን (የክዳኑን መጋጠሚያ ማሸጊያ) ጠርገህ አዲስ አድርግ፣ ዘይት ሙላ፣ የእጀታውን ነጻ ቦታ እንደገና ከዜሮ አስተካክል።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከተማ ውስጥ ለስለስ አድርገህ ንዳ። ደንገጎን ስትወጣ ደግሞ ኩርባው ላይ እጀታውን ግማሽ ይዘህ በነዳጅ አትጎትተው፣ ማርሽ ቀንስ። ከሳምንት በኋላ ነጻ ቦታውን ለካ፣ አዲስ ሸራ ሲለማመድ ልኩ ይቀየራል።