ኢንዶኔዥያዊ ተማሪን ፕረዘንት ፐርፌክት ሲያስቸግረው

በኦንላይን እንግሊዝኛ የምታስተምሩ ሰዎች፣ ኢንዶኔዥያዊ ተማሪ ሲገጥማችሁ አንድ ነገር ቶሎ ታያላችሁ። ሌላውን ሰዋስው እሺ ብሎ ይዞት ፕረዘንት ፐርፌክት ላይ፣ ማለትም እንደ «አይ ሃቭ ኢትን» (በልቻለሁ) ያለው የግስ ጊዜ ላይ ሲደርስ ይደናበራል። ስንፍና አይደለም። ስህተቶቹ ከራሱ ቋንቋ የሚመጡ ናቸው፤ ምንጫቸውን ካወቃችሁ ይታረማሉ።

ችግር፦ «አይ ኦልሬዲ ኢት» ይላል።

በኢንዶኔዥያኛ ግስ ለጊዜ ብሎ መልኩን አይቀይርም። «ማካን» መብላት ነው፤ ትናንትም ነገም ያው «ማካን» ነው። ጊዜውን የሚናገረው ከፊቱ የሚገባው ቃል ነው። «ሳያ ሱዳህ ማካን» በልቻለሁ ነው፣ «ሳያ አካን ማካን» ደግሞ እበላለሁ። ተማሪው «ሱዳህ»ን በ«ኦልሬዲ» ይተካና ግሱን ሳይነካው ያልፋል።

መፍትሄው ረጅም የግስ ሰንጠረዥ አይደለም። በየቀኑ የሚያደርጋቸውን ነገሮች በቋንቋው በ«ሱዳህ» ይናገር፤ ከዚያ «ሃቭ»ን አስገብቶ ግሱን ወደ ሦስተኛው መልክ ይቀይር፦ «አይ ሃቭ ኢትን»። እዚህ ላይ የሚያግዛችሁ ነገር አለ። «ሱዳህ ማካን?» እዚያ አገር እንደ ሰላምታ ነው፤ በልተሃል ወይ እንደማለት። ያልበላ ሰው በቋንቋው «በሉም» ይላል፤ ገና ነኝ ማለቱ ነው። አግብተሃል ወይ ሲባል እንኳ ያላገባው «በሉም» ይላል እንጂ እንዲያው አይደለም ብሎ አይዘጋውም። ስለዚህ የ«ኖት የት» ሐሳብ በደሙ አለ። ከዚህ ጀምሩ፦ «ሃቭ ዩ ኢትን?» «ኖት የት»።

ችግር፦ «አይ ሃቭ ሜት ሂም የስተርደይ»።

ይሄ የሚመጣው የመጀመሪያውን ካስተካከላችሁ በኋላ ነው። «ሱዳህ» ከ«ከማሪን»፣ ማለትም ከትናንት ጋር አይጣላም። የኛም ቋንቋ ያው ነው፤ «ትናንት አግኝቼዋለሁ» ስንል ማንም አያርመንም። ስለዚህ እኛም አስተማሪዎቹ እንጠንቀቅ። መፍትሄው ከግሱ በፊት የጊዜውን ቃል ማየት ነው። ትናንት፣ ባለፈው ዓመት፣ በ2019 የሚል ካለ ጊዜው ተዘግቷል፤ «ሃቭ» ይውጣና ሲምፕል ፓስት፣ ማለትም ተራው ያለፈ ጊዜ ይግባ፦ «አይ ሜት ሂም የስተርደይ»። አምስት ዓረፍተ ነገር ስጡትና መጀመሪያ የጊዜውን ቃል ብቻ ያስምርበት። እኔ ከዚህ የተሻለ ልምምድ አላየሁም።

ችግር፦ «አይ ኤቨር ጎ ቱ ባሊ»።

ጥፋቱ የ«ፐርናህ» ነው። አንድ ነገር ቢያንስ አንድ ጊዜ ገጥሞኛል ለማለት በጥያቄም በመልስም ይገባል። «ኤቨር» ግን በእንዲህ ያለ ተራ መልስ ውስጥ አይገባም። ሲጠይቅ «ሃቭ ዩ ኤቨር ቢን ቱ ባሊ?»፣ ሲመልስ «አይ ሃቭ ቢን ቱ ባሊ» ይበል። ሁለቱን አንድ ላይ ደጋግሞ ይያዛቸው።

ችግር፦ «አይ ሊቭ ኢን ጃካርታ ሲንስ 2015»።

«ሰጃክ» (ከ... ጀምሮ) የሚለው ቃላቸው ከተራ ግስ ጋር ይሄዳል፤ እኛም «ከ2015 ጀምሮ እኖራለሁ» እንላለን። «ሲንስ» ባለበት ሁሉ «ሃቭ ሊቭድ» እንዲኖር አብራችሁ አስጠኑት።

አንዳንዱ ደግሞ ሲጽፍ ትክክል ነው፣ ሲናገር «ሃቭ» ይጠፋል። የቋንቋው ቃላት መጨረሻቸው ላይ ተነባቢ መደራረብ አይወዱም፤ ስለዚህ «አይቭ ፊኒሽድ» አፉ ላይ «አይ ፊኒሽ» ይሆናል። ምላሱ እስኪለምድ ድረስ ማሳጠሩን ይተውና «አይ ሃቭ» ብሎ ሙሉውን ይናገር።