ውሻ አይቶ ይማራል ወይስ ተሸልሞ?

በጅማ ዳር ዳር ሰፈሮች ሌሊት ጅብ ስለሚዞር ብዙ ቤተሰብ ለጥበቃ ውሻ ያሳድጋል፤ ሥልጠናው ግን ብዙ ጊዜ በቁጣና በዱላ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ውሻ የሰውን ድርጊት አይቶ መቅዳት ይችላል። ቡዳፔስት በሚገኘው ኤትቮሽ ሎራንድ ዩኒቨርሲቲ ክላውዲያ ፉጋዛና አዳም ሚክሎሺ ባደረጉት ጥናት፣ መሳቢያ እንደ መክፈት ያለውን ከዕቃ ጋር የተያያዘ ሥራ ባለቤቱ ሠርቶ ያሳየው ውሻ፣ በሽልማት ብቻ ደረጃ በደረጃ ከሠለጠነው ይልቅ ቶሎ ተምሯል። ይሁን እንጂ ውሾቹ «እንደ እኔ አድርግ» የሚለውን ትእዛዝ ራሱን አስቀድመው የለመዱት በሽልማት ስለነበር፣ ለጀማሪ ባለቤት የምመክረው ከሽልማት እንዲነሣ ነው።

«ተቀመጥ» ለማስተማር ቁራጭ ሥጋ ከአፍንጫው በላይ ይያዙና ቀስ ብለው ወደ ኋላ ያሳልፉት፤ አንገቱን ቀና ሲያደርግ ወገቡ ዝቅ ይላል። መሬት እንደነካ ወዲያውኑ ይስጡት፤ ከተነሣ በኋላ የሚሰጥ ሥጋ መነሣትን ያስተምረዋልና። በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ለአንድ ትእዛዝ አንድ ቃል ብቻ ይጠቀም። ልምምዱ ከ5 ደቂቃ አይለፍ፤ የሰለቸ ውሻ አይማርም።

ሽልማቱ የጥፍር ያህል የተቀቀለ፣ ጨውና ቅመም ያልገባበት ሥጋ ይሁን። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ስለሚጎዳ ወጥ የነካው እንጀራ አይስጡት፤ ቡናም መርዝ ስለሚሆንበት ፍሬውንም ሆነ አተላውን ከደጅ ያርቁለት።