ለቤታችሁ የሚሆን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንዴት ይመረጣል?

ሁለተኛውን ማሞቂያዬን የገዛሁት ካርቶኑ ላይ «መብራት ቆጣቢ» የሚል አይቼ ነው። ለአሮጌው ባለ ፋን ከከፈልኩት ሦስት እጥፍ አወጣሁበት። ወሩ ሲያልቅ የመብራት ሂሳቤ ንቅንቅ አላለም። የት ጋ እንደተሸወድኩ የገባኝ አንድ ምሽት ቆጣሪው ስር ቆሜ ነው።

ከሱቅ በፊት ክፍሉን ለኩ። ርዝመቱን በወርዱ አባዙና ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 100 ዋት ያዙ። 3 በ4 ለሆነ ክፍል 1,200 ዋት ገደማ ይመጣል። ይህ ጣሪያው 2.5 ሜትር አካባቢ ለሆነ፣ ንፋስም ለማያስገባ ክፍል የሚሆን ግምት ነው። ግድግዳው ስስ ከሆነ ወይም ብርዱ ከበረታ ጨመር አድርጉ። በበሩ ስር ያለውን ክፍተት በጨርቅ መድፈን ደግሞ ምንም ስለማያስወጣ ከዚያ ጀምሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ባለ ፋኑ፣ ባለ ዘይቱ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ጠፍጣፋው፣ ቀይ ሆኖ የሚፋመው፣ መልካቸው ይለያይ እንጂ ሆዳቸው አንድ ነው። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የሚግል ሽቦ ወይም ሴራሚክ ነው ያላቸው። የገባው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ ሙቀት ይሆናል። 1,500 ዋት የሚበላው 1,500 ዋት ሙቀት ይሰጣል፣ በቃ። ርካሹም ውዱም። ታዲያ «ቆጣቢው» ከየት አምጥቶ ይቆጥባል?

እኔን ካላመናችሁ ራሳችሁ ሞክሩት። አብዛኞቹ ዲጂታል ቆጣሪዎች ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ መብራት አላቸው። ስንት ጊዜ ስትበራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንደሚሞላ እዚያው ፊቱ ላይ ተጽፏል። የእኔ 1,000 ይላል። ፍሪጁን ሳይቀር ሁሉንም ነቀልኩ። አሮጌውን ማሞቂያ ብቻ ሰክቼ፣ መሀል ላይ እንዳይጠፋብኝ ቴርሞስታቱን (የሙቀት መቆጣጠሪያውን) እስከ መጨረሻው አዙሬ፣ የስልኬን ሰዓት እያየሁ አንድ ደቂቃ ቆጠርኩ። 25። «ቆጣቢውን» ሰካሁ። 25። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ደገምኩት፤ ያው 25። በሰዓት 1,500 ብልጭታ፣ ማለትም 1.5 ኪሎዋት ሰዓት። በቀን 5 ሰዓት ሳያቋርጥ ከሠራ በ30 ቀን 225 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ይህን በምትከፍሉበት ታሪፍ አባዙትና ከመግዛታችሁ በፊት ደንግጡ።

ቴርሞስታት ይቆጥባል የሚለው እውነት ነው፤ ክፍሉ ሲሞቅ ያጠፋዋል። ግን ርካሾቹም ብዙዎቹ አላቸው።

ስለዚህ ምርጫው ሙቀቱን መቼና የት ትፈልጉታላችሁ ነው። ባለ ፋኑ ወዲያው ያሞቃል፣ ግን ይጮሃል። ለመኝታ ቤት አልመክረውም። ባለ ዘይቱ ለመጋል ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ይፈልጋል፤ ከዚያ ድምፅ የለው፣ ከጠፋም በኋላ ለረጅም ጊዜ ለብ ብሎ ይቆያል። ለሌሊት እሱን የሚያህል የለም። (ዘይቱ አይቃጠልም፣ አይጨመርበትምም። ሁሌ ስለምጠየቅ ነው።) የሚፋመው አየሩን ትቶ ፊት ለፊቱ ያለውን ነው የሚያሞቀው፣ ልክ እንደ ፀሐይ። ጉልበታችሁ ሲግል ጀርባችሁ ይቀዘቅዛል። ጣሪያው ከፍ ላለ ቤት፣ ለአጭር ጊዜ ጥሩ ነው። ብቻችሁን ቁጭ ብላችሁ የምትሠሩ ከሆነ ግን በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ብርድ ልብስ ሞክሩ። 100 ዋት ገደማ ነው የሚበላው። እኔ አሁን የምጽፈው እሱን ለብሼ ነው።

በእውነት የሚቆጥበው አንድ ብቻ ነው፦ ማሞቅም የሚችል ስፕሊት ኤሲ፣ ማለትም አንዱ አካሉ ቤት ውስጥ ሌላው ውጭ የሚገጠም አየር ማቀዝቀዣ። ይህ ሽቦ አያግልም፤ ከውጭው አየር ሙቀት ቀድቶ ያስገባል። ቀዝቃዛ አየርም ውስጡ ሙቀት አለው። በ1 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ወደ 3 ኪሎዋት ሙቀት ሊሰጥ ይችላል፤ ውጭው በጣም ሲቀዘቅዝ ግን ይቀንሳል። መግዣውም ማስገጠሚያውም ውድ ስለሆነ በዓመት ሁለት ሳምንት ለሚበርደው ሰው አያዋጣም። ወራት ሙሉ በየቀኑ ለሚያሞቅ ግን ዋጋውን ይመልሳል። ማቀዝቀዝ ብቻ የሚችሉም ስላሉ ጠይቁ።

አሁን ደግሞ ቤት ላቃጥል የነበረበት ታሪክ። 2,000 ዋት በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባል። እኔ ማሞቂያውን በቀጭን ኤክስቴንሽን ሰክቼ፣ የተረፈውን ገመድ ጠቅልዬ ሶፋ ስር ከተትኩት። የተጠቀለለ ገመድ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የፕላስቲክ ሽታ መጣ። ሶፋውን ስገፋው ገመዱ እርስ በርሱ ተጣብቋል፣ መሰኪያውም ቡናማ ሆኖ አልነቀል አለ። ብሬከሩ ደግሞ ንክችም አላለው። ከዚያ ወዲህ ማሞቂያ የምሰካው ግድግዳው ላይ ብቻ ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መሰኪያውን ንኩት። ለብ ቢል ምንም አይደለም። ካቃጠላችሁ ግን ከዋናው አጥፉና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። መጋረጃና አልጋ አንድ ሜትር ይራቁ፣ ካልሲም አይሰጣበት።

አንድ ነገር ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ፦ በእግሩ የሚቆም ማሞቂያ ከሆነ አስሰክታችሁ አብሩት፣ ከዚያ ጋደም አድርጉት። ወዲያው ካልጠፋ ትታችሁት ውጡ።