የፋርማኮሎጂ ምርምር ቤተ ሙከራ ተልእኮና እሴቶች እንዴት ይጻፋሉ?

የዩኒቨርሲቲ ፋርማኮሎጂ (መድኃኒቶች በሰውነት ላይ የሚያመጡትን ለውጥ የሚያጠና ሳይንስ) ቤተ ሙከራ ተልእኮውን ሲጽፍ አስቀድሞ ምን እንደሚመረምርና ለማን እንደሚመረምር መወሰን አለበት። «በልህቀት ተወዳዳሪ መሆን» የሚለው ሐረግ ለሁሉም የትምህርት ክፍል ስለሚሆን የአንዱንም ሥራ አይገልጽም። «ለወባና ለስኳር በሽታ በባህል ሕክምና የሚሰጡ ዕፅዋትን ፈዋሽነትና መርዛማነት በሙከራ መፈተሽ፣ በዚሁም ሥራ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ማሠልጠን» ብሎ የጻፈ ቡድን ግን የትኛውን ጥናት ተቀብሎ የትኛውን እንደሚመልስ አይቸገርም።

እሴቶቹ ከአራት ወይም ከአምስት ባይበልጡ እመርጣለሁ፤ እያንዳንዱም በሥራ ላይ ሊታይ የሚችል ግዴታ ሆኖ ይጻፍ። ለምሳሌ «ለእንስሳት እንራራለን» ከማለት ይልቅ፣ እንግሊዛውያኑ ሳይንቲስቶች ራስልና በርች እ.ኤ.አ. በ1959 ያስቀመጧቸውን ሦስት መርሆች፣ ማለትም እንስሳትን በሌላ ዘዴ መተካትን፣ ቁጥራቸውን መቀነስንና ሥቃያቸውን ማቃለልን፣ ከቤተ ሙከራው አሠራር ጋር አያይዞ መጻፍ ይሻላል። የአጣዳፊ መርዛማነት ምርመራ፣ ማለትም መድኃኒቱ በተሰጠ በአጭር ጊዜ ውስጥ የሚያደርሰው ጉዳት ሲፈተሽ፣ መድኃኒቱን ለብዙ አይጦች በአንድ ጊዜ ከመስጠት፣ ለአንዷ ሰጥቶ ውጤቷን ካዩ በኋላ ወደ ቀጣዪቱ መሻገር ቁጥሩን በእጅጉ ይቀንሳል።

ታማኝነትም እንዲሁ ይዘርዘር፦ አይጦቹ በየምድቡ በዕጣ ይደለደላሉ፣ ውጤቱን የሚለካው ሰው የትኛው ምድብ መድኃኒቱን እንደወሰደ አያውቅም፣ ፈዋሽነት ያልታየበት ዕፅም እንደተሳካው ሁሉ ይመዘገባል። ይህ የመጨረሻው በተለይ የመመረቂያ ጊዜው የደረሰበትን ተማሪ ስለሚፈትን፣ አማካሪው ባዶ ውጤትን እንደ ውድቀት እንደማይቆጥር በጽሑፍ ቢያረጋግጥለት ተገቢ ነው።

በአገራችን ከሁሉ ይበልጥ ሰፋ ተደርጎ ሊጻፍ የሚገባው የባህል ሕክምና ዕውቀት ባለቤትነት ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ እንዶድ የቢልሃርዚያ (በጥገኛ ትል የሚመጣ በሽታ) አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል የደረሱበት፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው፤ ዕፁን ለሳሙናነት ያዋለው ግን ቀድሞውኑ ሕዝቡ ነበር። በኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998ም የማኅበረሰብ ዕውቀትን ለመጠቀም ቅድሚያ ፈቃድንና የጥቅም ተካፋይነትን ይጠይቃል። ስለዚህ ሰነዱ ከባህል ሐኪሙ ፈቃድ የሚጠየቀው ናሙና ከመሰብሰቡ በፊት መሆኑንና ውጤቱ በሚገባው ቋንቋ ተመልሶ እንደሚነገረው በግልጽ ይደንግግ።

ረቂቁን የቤተ ሙከራው ኃላፊ ብቻውን አይጻፈው፤ የላብራቶሪ ቴክኒሺያኑና የእንስሳት ተንከባካቢው የትኛው ግዴታ በተግባር እንደማይፈጸም ስለሚያውቁ፣ ከመጽደቁ በፊት እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር አንብበው አስተያየት ይስጡበት።