ከቀጠሮ እስከ ቀጠሮ፦ የልብ ሕመምተኛና አስታማሚ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐኪሙ የሚያያችሁ በወር ወይም በሦስት ወር አንዴ ነው፤ ያውም ለጥቂት ደቂቃ። በቀረው ጊዜ ልባችሁን የምትጠብቁት እናንተና ቤተሰባችሁ ናችሁ። ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴ፣ ከምንጃር፣ ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን እየመጡ ክትትል ከሚያደርጉ ሰዎች ጋር ስናወራ፣ ነገር የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በዚህ መሀል ነው። ስለዚህ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሁለት ሕመሞችን እንለይ። የልብ ደም ቧንቧ የሚጠበው ለዓመታት ስብ እየተጋገረበት ነው። የሚያባብሱት ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ ኮሌስትሮል፣ ውፍረትና ቁጭ ብሎ መዋል ናቸው፤ ዕድሜና ዘርም አሉበት። የቫልቭ፣ ማለትም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከፈትና የሚዘጋው የልብ በር ሕመም ግን ሌላ ነው። በአገራችን ወጣቶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በልጅነት በደንብ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው።

የልጅን ጉሮሮ መናቅ

ልጅ አተኩሶት ጉሮሮዬን ሲል “እንጥሉ ወርዶ ነው” ይባልና ወደ ቆራጭ ይወሰዳል። እባካችሁ ይሄን ተዉት። እንጥል መቁረጥ ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ደም መፍሰስና ሌላ ኢንፌክሽን ያመጣል እንጂ። ጉሮሮውን ያሳመመው ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ከሆነና ካልታከመ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ አንዳንድ ልጆች ላይ የሰውነት መከላከያ ራሱ ዞሮ መገጣጠሚያንና ልብን ያጠቃል። በብዛት የሚታየው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው። ጉልበት ያብጣል፣ ሕመሙ ወደ ቁርጭምጭሚት ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ክርን፣ ከዚያ ይተዋል። ቤተሰብም ቁርጥማት ነው፣ የደጋው ብርድ ነው ብሎ ይረሳዋል። ቫልቩ ላይ ግን ጠባሳው ይቀራል። ዓመታት አልፈው፣ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ እያጠረ፣ ሴቶች ላይ ደግሞ አንዳንዴ በመጀመሪያ እርግዝናቸው ይገለጣል።

የጉሮሮ ሕመም ሁሉ እንዲህ አይደለም። ግን ለይቶ የሚያውቀው የጤና ባለሙያ ነው፤ ስለዚህ ልጁ ጤና ጣቢያ ይታይ። የሚዋጥ ፔኒሲሊን ለ10 ቀን ከታዘዘለት ደግሞ በሦስተኛው ቀን ቢሻለውም 10 ቀኑን ይጨርስ።

“አሁንማ ድኗል” ብሎ መርፌ ማስቀረት

ቫልቩ ለተጎዳ ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚሰጠው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ የተበላሸውን አይጠግንም። ሥራው ያ የጉሮሮ ኢንፌክሽን ተመልሶ መጥቶ ቫልቩን እንዳይጨርሰው መከላከል ነው። ለዚህ ነው ልጁ እየሮጠ፣ እየተጫወተ እያለ እንኳ መርፌው የሚቀጥለው። ልብ ከተነካ ቢያንስ 10 ዓመት፣ ጉዳቱ ከባድ ከሆነ እስከ 40 ዓመት ዕድሜ ወይም ከዚያም በላይ ሊሄድ ይችላል። መርፌው ያማል፣ አውቃለሁ። የክረምቱ መንገድም ቀላል አይደለም።

አንድ ትንሽ ነገር ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። ቀጠሮውን በወር በዓል የሚይዙ እናቶች አሉ፤ በ21 ማርያም፣ በ12 ሚካኤል እያሉ። የእኛ ወር 30 ቀን ነው፣ አራት ሳምንት ደግሞ 28። በየወሩ ሁለት ቀን ይንሸራተታል ማለት ነው። ቀኑን ያዙ፤ ማክሰኞ ከተወጋ አራት ሳምንት ቆጥራችሁ ማክሰኞ ውሰዱት።

የደረት ሕመምን ሁሉ ጨጓራ ማድረግ

ይሄ ሰው እየገደለ ነው። ዳገት ሲወጡ ወይም ከባድ ነገር ሲሸከሙ ደረትን ጭንቅ አድርጎ የሚይዝ፣ ቆም ሲሉ የሚለቅ ሕመም በተልባና በጨጓራ ሽሮፕ አይታለፍም። ሕመሙ ከ15 ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ወይም ቀዝቃዛ ላብ ካለው፣ ነገ ይነጋል ብላችሁ አትጠብቁ። አምቡላንስ ካልተገኘ ባጃጅም ቢሆን ተሳፍራችሁ ሆስፒታል ድረሱ፤ ታማሚው በእግሩ አይሂድ። ስኳር ያለባቸው ሰዎችና ሴቶች ላይ ደግሞ ደረት ሳያም፣ በድካም፣ በማቅለሽለሽና በትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊመጣ ይችላል።

ሲያም ብቻ የግፊት ኪኒን መዋጥ

ደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ራሴን ካላመመኝ ደህና ነኝ ማለት አይሠራም። ሳታቋርጡ ዋጡ፣ ተለኩ። የጨው መጠን በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ በታች ይሁን። የጾም ምግብ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ሽሮውም፣ በርበሬውም ጨው አለው። የሚረጋው የፓልም ዘይት ደግሞ ከቅቤ ጋር የሚያመሳስለው ስብ አለው።

ጸበል ሲሄዱ መድኃኒት ቤት ትቶ መሄድ

ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ሱባዔ የሚገባ ሰው መድኃኒቱንም ይዞ ይሂድ። እምነትና ኪኒን አይጣሉም፤ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ውሃ የሚያስወጣውን ኪኒን ለጥቂት ቀናት ስታቋርጡ እግር ያብጣል፣ ሌሊት ትንፋሽ ያጥራል። የልብ ምትን የሚያረጋጉ መድኃኒቶችን በድንገት ማቆም ደግሞ የደረት ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላል። ፈሳሽ በልክ ጠጡ ከተባላችሁ ጸበሉንም በልክ ጠጡ። ስትጾሙ ኪኒኑ ወደ ማታ ይዞር እንደሆነ አስቀድማችሁ ሐኪሙን አማክሩ።

ዋርፋሪንን እንደ ተራ ኪኒን ማየት

ብረት ቫልቭ የተገጠመለት ሰው ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። ሲያንስ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፣ ሲበዛ ሰውየው ይደማል። መጠኑ የሚታወቀው አይ ኤን አር በሚባለው የደም ምርመራ ብቻ ነው። ጎመን አትብሉ የሚባለው ልክ አይደለም፤ ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ መድኃኒቱን ያዳክማል፣ ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ተመጣጣኝ አድርጋችሁ ብሉ። ችግር የሚመጣው በፍስክ ጭራሽ ሳይቀመስ ከርሞ በጾም በየቀኑ ሲበላ ነው። ለወገብ ሕመም ብላችሁ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ አትግዙ። አረቄውንም ተዉት። ጥርስ ከመነቀላችሁ በፊት ቫልቭ እንደተገጠመላችሁ ተናገሩ። ማርገዝ የምትፈልግ ሴት ደግሞ ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ታናግር፤ ዋርፋሪን ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል።

ወይ ተኝቶ መክረም፣ ወይ ወዲያው ሞፈር መጨበጥ

አዲስ አበባ ልቡን ኦፕሬሽን ሆኖ የተመለሰ ሰው ቤቱ ሲደርስ ፍራሽ ተነጥፎለት እንዳይነሳ ይጠበቃል። ፍቅር ነው፣ ግን ይጎዳዋል። ተኝቶ መክረም ጡንቻን ያደክማል፣ እግር ላይ ደም ያረጋል፣ መንፈስንም ይሰብራል። ሌላው ደግሞ ዘር እንዳያልፈው ብሎ ይነሳል። ደረቱ የተከፈተ ሰው አጥንቱ እስኪገጥም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። እስከዚያ ከ5 ኪሎ በላይ አያንሳ፤ ሙሉ ጀሪካን ብቻውን 20 ኪሎ ነው። እንጨት መፍለጥ፣ መውቀጥ፣ ማረስ ይቆዩ።

የልብ ማገገሚያ ማዕከል በየወረዳው የለም። ግን ዋናው ነገር እርምጃ ነው፤ እሱ ደግሞ ደጃችን ላይ አለ። ሐኪም ከፈቀደ በኋላ ሜዳ ላይ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በ5 ደቂቃ ጀምሩ። በየሳምንቱ ትንሽ እየጨመራችሁ ወደ 30 ደቂቃ አድርሱት። ልኩ፣ እየሄዳችሁ ማውራት መቻል ነው፤ ቃል ካቆራረጠባችሁ ቀዝቀዝ በሉ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ የጠዋቱ ውርጭም የደም ሥር ያጠብባል። ፀሐይ ሞቅ ሲል ውጡ፣ አፍና አፍንጫችሁን በነጠላ ሸፍኑ። ከሸዋ ሮቢት ቆላ የመጣ ሰው ደግሞ እዚህ ሲደርስ እርምጃውን ይቀንስ።

ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ያቁም። ባቆመ በዓመቱ የልብ ቧንቧ በሽታ ስጋቱ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ጫቱንም አብሮ ይተው፤ የልብ ምትና ግፊት ይጨምራል።

ቤት ውስጥ ሚዛን ካለ በየጠዋቱ ሽንት ቤት ደርሳችሁ፣ ቁርስ ሳትበሉ ተመዘኑና ጻፉት። በሦስት ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመራችሁ፣ ወይም ጫማችሁ ከጠበባችሁና ማታ ትራስ ደርባችሁ ካልሆነ መተኛት ካቃታችሁ፣ ውሃ እየያዛችሁ ነው። ቀጠሮው ገና ሁለት ሳምንት ቢቀረውም በዚያው ቀን ሂዱ።