በግምት የተሠራ የመብራትና የጋዝ ሂሳብን በብሪታንያ እንዴት መቃወም ይቻላል?

በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድ ወይም በዌልስ የሚኖሩ ከሆነ፣ የመብራት ወይም የጋዝ ሂሳብ ሲደርስዎ ከገንዘቡ መጠን አስቀድመው ንባቡ እንዴት እንደተገኘ ይመልከቱ፤ በግምት መሆኑ ከተገለጸ፣ አቅራቢው ሂሳቡን የሠራው ትክክለኛ የቆጣሪ ንባብ ሳይዝ ነው ማለት ነው። በዚያው ዕለት ቆጣሪዎን ፎቶግራፍ ያንሱና የመለያ ቁጥሩን በሂሳቡ ላይ ካለው ጋር ያስተያዩ፤ ብዙ አባወራ በሚኖርበት ሕንፃ የጎረቤት ቆጣሪ በስህተት ሊመዘገብ ስለሚችል ይህን ማጣራት በፍጹም አይዝለሉ።

ከዚያም ንባቡን ለአቅራቢው በጽሑፍ ልከው ሂሳቡ እንደገና እንዲሠራ ይጠይቁ፤ ደብዳቤው ጥያቄ ሳይሆን አቤቱታ መሆኑን በግልጽ ይጻፉ፣ ከታች የተጠቀሰው የ8 ሳምንት ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ከአቤቱታው ነውና። በስልክ የተነጋገሩትን ሁሉ ከነቀኑ መዝግበው ይያዙ።

8 ሳምንት አልፎ መፍትሔ ካላገኙ፣ ወይም አቅራቢው ከዚህ በላይ ማድረግ እንደማይችል የሚገልጽ የመጨረሻ ደብዳቤ ከላከልዎ፣ ጉዳዩን ያለክፍያ ወደ ኢነርጂ ኦምቡድስማን፣ በእኛ አጠራር ወደ እንባ ጠባቂው፣ መውሰድ ይችላሉ፤ ደብዳቤው ከደረሰዎ ግን ከ12 ወር በላይ አይቆዩ። አቅራቢው በራሱ ጥፋት ከ12 ወር በፊት ለተጠቀሙበት ሳያስከፍል ቆይቶ አሁን ከጠየቀዎ፣ ከ2018 ጀምሮ የሚሠራው የኦፍጌም (የመብራትና የጋዝ ገበያ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት) ደንብ እንደሚከለክለው በማመልከቻዎ ይጥቀሱ። የእንባ ጠባቂውን ውሳኔ እርስዎ ከተቀበሉት አቅራቢው የመፈጸም ግዴታ አለበት፤ ካልተቀበሉት ወደ ፍርድ ቤት የመሄድ መብትዎ እንደተጠበቀ ነው።