ከምግብ በኋላ ስኳር ሲለኩ ቁጥሩ ግራ ካጋባዎት

ያው ምሳ ትናንት 150፣ ዛሬ 210 mg/dL አሳየ

ብዙ ጊዜ ችግሩ ከሰዓቱ ነው። ሁለት ሰዓት የሚቆጠረው ከማዕድ ከተነሱ በኋላ ሳይሆን የመጀመሪያዋን ጉርሻ ከጎረሱ ጀምሮ ነው። አርባ ደቂቃ የፈጀ ምሳ በልቶ ሰዓቱን እጁን ከታጠበ በኋላ የሚቆጥር ሰው፣ የሚለካው ወደ ሦስተኛው ሰዓት ተጠግቶ ነው። 6:30 መብላት ከጀመሩ በ8:30 ይለኩ፤ ስልክዎ ላይ ማስታወሻ ደወል ይሙሉ። በመሃል ባለስኳር ቡና አይጠጡ። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር 12 ግራም ያህል ስለሆነ የምሳው ልኬት መሆኑ ይቀራል።

200 ሆኗል፤ ጥፋቱ የእንጀራው ነው?

ከመብላትዎ በፊት ካልለኩ ማወቅ አይቻልም። ከ190 ተነስቶ 200 የደረሰ ሰው ምሳው አልጎዳውም፤ ስኳሩ ቀድሞም ከፍ ብሎ ነበር፣ ስለ መድኃኒቱ ሐኪሙን ያነጋግር። ከ110 ተነስቶ 200 ከደረሰ ግን ምግቡን ይመልከት። እንጀራውን በሲሶ ቀንሶ ጎመንና ሰላጣ ይጨምር፣ ያንኑ ምግብ በሌላ ቀን በልቶ ደግሞ ይለካ። ከምግብ በኋላ 15 ደቂቃ በእግር መሄድም ይረዳል፤ ነገር ግን ሁለቱን በአንድ ቀን ከቀየሩ የትኛው እንደሠራ አይለይም።

ለአብዛኞቹ አዋቂዎች ግቡ ከምግብ በፊት 80–130፣ መብላት ከጀመሩ ከ1–2 ሰዓት በኋላ ከ180 በታች ነው። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ጠበቅ ይላል፦ በ1 ሰዓት ከ140፣ በ2 ሰዓት ከ120 በታች።

ስትሪፕ (የደም ጠብታ የሚነካበት መለኪያ ወረቀት) ውድ ስለሆነ በየማዕዱ መለካት የማይችል ሰው ሁለት ስትሪፕ ለአንድ ማዕድ ያውል፣ አንዱን ከመብላቱ በፊት፣ ሌላውን ከበላ በኋላ፤ ሰኞ ለቁርስ፣ ማክሰኞ ለምሳ፣ ረቡዕ ለእራት። የተበታተኑ ሰባት ልኬቶች ይህን ያህል አይናገሩም።

ሳይታሰብ 280 አሳየ

ማንጎ ወይም ብርቱካን ልጠው ነበር? ጣት ላይ የቀረ ጭማቂ ከደሙ ጠብታ ጋር ይቀላቀላል። በሳሙና ታጥበው፣ በደንብ አድርቀው፣ ሌላ ጣት ወግተው ይድገሙ። የስትሪፑን የአገልግሎት ጊዜም ይመልከቱ፤ ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ ብልቃጥ እርጥበት ያበላሸዋል።

በ2 ሰዓት ደህና ነው፣ የሦስት ወሩ አማካይ ስኳር ምርመራ (HbA1c) ግን ከፍ ይላል

ስኳሩ መብላት ከጀመሩ በ1 ሰዓት ውስጥ ጣሪያ ደርሶ አልፎዎት ይሆናል። ክትፎና ቅቤ የበዛበት ወጥ ደግሞ መፈጨቱን ስለሚያዘገይ ስኳሩ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ዘግይቶ ሊወጣ ይችላል። ለጥቂት ቀናት መብላት ከጀመሩ ከ1 ሰዓት በኋላ፣ ቅባት በበሉ ቀን ደግሞ ከ4 ሰዓት በኋላ ይለኩ። ጠዋት ከቁርስ በፊት መለካቱንም አይርሱ።

በ2 ሰዓት ከፍ ብሎ በ4ኛው ያንቀጠቅጣል፣ ያልባል

ሬጉላር የሚባለው የኢንሱሊን ዓይነት ከምግብ 30 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ነው የሚወጋው። በልተው ከወጉት ምግቡ ይቀድመዋል፣ መድኃኒቱ ዘግይቶ ይደርሳል። ከ70 በታች ከሆነ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለኩ፤ ካልወጣ ይድገሙ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የሚወስዱም እንዲሁ ሊወርድባቸው ይችላል። ከተደጋገመ መጠኑን በራስዎ ሳይቀንሱ፣ ልኬቱን ከነሰዓቱ ጽፈው ለሐኪምዎ ያሳዩ።